እናቲቱን መልቀቅ፦ ከጥቁር እንጨት ንግድ የምንማረው

በኦሪት ዘዳግም (22፥6-7) የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል። ትእዛዙ ሰው ከፍጥረት እንዳይጠቀም አይከለክልም፤ የበረከቱን ምንጭ እንዳያጠፋ ግን ይገድበዋል። ይህን ትምህርት በአንድ ዛፍ ታሪክ እንመልከት።

ጥቁር እንጨት በአፍሪካ ተራሮች ደን ውስጥ የሚበቅል ረጅም ዛፍ ነው። በአገራችንም በተፈጥሮ ደኖችና በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ይገኛል። ጠንካራ ግንዱ ለቤት ሥራ፣ ለመሣሪያ እጀታና ለማገዶ ይፈለጋል። ባሕር ማዶ ገበያ የከፈተለት ግን ቅርፊቱ ነው። ከቅርፊቱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ለፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ መድኃኒት ስለሚሆን፣ ካሜሩን፣ ማዳጋስካርና ኬንያ የደረቀ ቅርፊት ወይም ጭማቂውን ወደ አውሮፓ ሲልኩ ኖረዋል።

በቅጠል የተዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነው። ስለዚህ በካሜሩን የታወቀው ጥንቃቄ የተሞላበት አላላጥ፣ ከግንዱ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጎኖችን ብቻ ልጦ የቀሩትን መተው፣ የተላጠውም እስኪያገግም ዓመታት መጠበቅ ነው። ፈላጊው ሲበዛ ግን ብዙዎች ግንዱን ዙሪያውን ላጡት፤ አንዳንዶችም ዛፉን ገንድሰው እስከ ቅርንጫፉ ገፈፉት። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ በቁሙ ይደርቃል።

ከዚህ የተነሣ ጥቁር እንጨት እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይተስ በተባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ በሚመራበት ስምምነት ሁለተኛ መዝገብ ገባ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። መዝገቡ ንግዱን አይከለክልም፤ ላኪው አገር አሰባሰቡ ዝርያውን እንደማይጎዳ አረጋግጦ ፈቃድ እንዲሰጥ ግን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ይህ ማረጋገጫ በቂ አይደለም ብሎ ከካሜሩን የሚገባውን ቅርፊት አገደ። ያን ጊዜ በጥንቃቄ የላጠውም ያለ ጥንቃቄ የላጠውም እኩል ገበያ አጡ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፈቃዱ የሚመረመረው በወደብ ሲሆን ቢላዋው የሚያርፈው ግን በደን ውስጥ ነው። ስለሆነም ዛፉን አስቀድሞ የሚጠብቀው አብሮት የሚኖረው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም እንዲጠብቀው የጥቅሙ ተካፋይ ሊሆን ይገባል።

በየዐጸዱ የቆሙት አሮጌ ጥቁር እንጨቶች እንደዚያች እናት ወፍ ናቸው። ዘራቸው ሲደርቅ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ፍሬው እንደ በሰለ ለቅሞ ሥጋውን በማጠብ ሳይዘገይ በችግኝ ጣቢያ መዝራት ይገባል። ችግኙ በማሳ ዳርና በግቢ ሲተከል የነገው እንጨትና ቅርፊት ከዚያ ይገኛል፤ የዐጸዱም ዛፍ ዘር እየሰጠ ይኖራል።

ለውይይት፦
1. በአጥቢያችን ዘር ሊሰጡ የሚችሉ ስንት አሮጌ አገር በቀል ዛፎች ቀርተዋል?
2. ከእነርሱ ዘር የሚለቅመውና ችግኙን የሚንከባከበው ማን ይሁን?