የሰፈር ዝንባሌ እንዴት ይለካል?

በኮልፌ ቀራንዮ ሻይ ቤቶች ስለ ምርጫ ክርክር ሲነሣ «ይህ ሰፈር ወትሮም የተቃዋሚ ነው» የሚል ሲገኝ፣ «የለም፤ ምንጊዜም ከመንግሥት ጋር ነው» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ማስረጃ አያቀርቡም። ይሁን እንጂ አንድ ሰፈር እንዲህ ተብሎ ከተፈረጀ ነዋሪው ሁሉ በስሙ ሊጠረጠር ስለሚችል፣ እኛ ተማሪዎች ነገሩን በትምህርት ዓይን ልንመረምረው ይገባናል።

በዚህ ጥናት አሜሪካውያን ብዙ ደክመዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ፓርቲው በአንዲት ግዛት ያገኘው ድምፅ በመላው አገር ካገኘው ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ አንድ ፓርቲ በአገሪቱ ከመቶ 60፣ በአንዲት ግዛት ግን 55 ቢያገኝ፣ ግዛቲቱን ቢያሸንፍም ዝንባሌዋ ወደ ተቀናቃኙ ያደላል። ይህ ልዩነት በተከታታይ ምርጫዎች ወደ አንድ ወገን ሲሄድ የወደፊቱን ለውጥ ያመለክታል። ቬርሞንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1856 እስከ 1988 ድረስ በፕሬዚዳንት ምርጫ ከ1964 በቀር ሪፑብሊካንን ስትመርጥ ኖራ፣ ከ1992 ወዲህ ለዴሞክራት ሆናለች። እንዲህ ያለው ለውጥ የሚመጣው ነዋሪው ሲቀየር፣ ትውልድ ሲተካ ወይም ፓርቲው ራሱ አቋሙን ሲለውጥ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱን የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን አሸነፈ። በ2002 ዓ.ም. ግን ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ። ታዲያ ሕዝቡ በአምስት ዓመት ልቡን ለወጠ እንበልን?

ከዚህ ብቻ ተነሥቶ እንዲያ ማለት ስሕተት ነው። አንደኛ፣ በእኛ የምርጫ ሥርዓት ከተወዳዳሪዎቹ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ ወንበሩን ስለሚወስድ፣ የወንበር ቁጥር የድምፅን ልክ አያሳይም። ሁለተኛ፣ የቅንጅት መሪዎች በ1998 ዓ.ም. ታስረው፣ ድርጅቱም ተከፋፍሎ፣ በ2002 ዓ.ም. በቀድሞ መልኩ አልቀረበም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም የቀረበው ኢሕአዴግ ሳይሆን ብልጽግና ነበር። የሚዛኑ ድንጋይ በየጊዜው ከተለወጠ የእህሉ ክብደት እንዴት ይታወቃል? ሦስተኛ፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ሰው የነበረው ክፍለ ከተማችን ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍቷል። በዓለም ባንክና በቤቴል በኩል የሚኖረው መራጭ ሁሉ የ1997ቱ መራጭ አይደለም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ትንቢት ከመናገራችን በፊት መዝገብ ያስፈልገናል። ሕጉ የየምርጫ ጣቢያው ውጤት በዚያው እንዲለጠፍ ያዛል። ወረቀቱ ዝናብ ሳይመታው ቁጥሩን ገልብጠን፣ ከመላው ከተማ ውጤት ጋር አነጻጽረን፣ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች እናስቀምጥ። እስከዚያው ድረስ ስለ ሰፈራችን ዝንባሌ የሚነገረው ሁሉ ወሬ እንጂ ዕውቀት አይደለም።