በሐይቅ ላይ ስለ ተሠራች ታላቅ ከተማ

የሜክሲኮ አገር ዋና ከተማ፣ እርሷም እንደ አገሩ ሜክሲኮ የምትባለው፣ በዓለም ካሉት እጅግ ታላላቅ ከተሞች አንዲቱ ናት። በከተማዪቱና በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ቦታዋም ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2240 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መንገደኛ ወደዚያች ከተማ በደረሰ ጊዜ የሚረግጠው ምድር የቀድሞ ሐይቅ ወለል እንደ ሆነ ሲሰማ እጅግ ይደነቃል። በ1325 አዝቴክ የተባሉ ሕዝቦች ቴክስኮኮ በሚባለው ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ቴኖችቲትላን የምትባል ከተማ ቈረቈሩ። በ1521 እስፓኞች በጦር ይዘው አፈረሷት፤ በፍራሽዋም ላይ አዲስ ከተማ ሠሩ። በ1978 የመብራት ሠራተኞች መሬት ሲቈፍሩ አንድ ታላቅ የተቀረጸ ድንጋይ አገኙ፤ ከዚህም የተነሣ የጥንቱ መቅደስ ፍራሽ በከተማዪቱ መካከል ተገለጠ።

በ1629 ጎርፍ ከተማዪቱን አጥለቀለቃት፤ ውሃውም አምስት ዓመት ያህል ሳይደርቅ ቈየ። ስለዚህ ገዢዎቿ በየዘመኑ ቦይ እየቈፈሩ ሐይቁን አደረቁት። ነገር ግን ውሃን ከደጇ ያባረረች ከተማ ኋላ ውሃ ተጠማች። ሕዝቡ እየበዛ በሄደ ጊዜ የሚጠጣውን ከምድር በታች ይቀዳ ጀመር፤ ውሃው በወጣ መጠን ለስላሳው ጭቃ እየተጨመቀ ምድሩ ይሰምጣል። ለዚህም ምስክር በ1910 የተሠራው የነጻነት ሐውልት ነው። መሠረቱ ጥልቅ ስለ ሆነ ሐውልቱ ባለበት ሲቆም፣ ዙሪያው ስለ ወረደ 14 ደረጃ ተጨመረለት። በ1985ም የምድር መናወጥ በሆነ ጊዜ፣ መነሻው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ የሐይቁ ጭቃ ንውጽውጽታውን ስላበረታው ብዙ ሺህ ሰው ሞተ።

ይህች ከተማ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለችም። ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት በመንግሥታት ማኅበር ፊት ግፉን ተቃወመ፤ ወረራውንም አልተቀበለም። ስለዚህ በዚያ ከተማ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ በአዲስ አበባም የሜክሲኮ አደባባይ አለ።

መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ባስረዳ ጊዜ፣ ሽማግሌም ለመንደሩ ባወራ ጊዜ፣ የገዛ አገሩን ምንጭና ጉድጓድ ያስብ። በአንድ ቀን የሚቀዳው ውሃ ጥቂት ይመስላል፤ ምድር ግን የተወሰደባትን ሁሉ ትቈጥራለች።