እግሯ እስኪደርስ አትጠብቁ

ጀርመን ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሱት ከካቶሊኮች ወይም ከፕሮቴስታንቶች በተዋሱት ሕንፃ ነው። ትልልቆቹ ወደ መቅደሱ ዞረው ሲቆሙ፣ ልጆች አንገታቸውን ጠምዝዘው ከኋላ ሰገነት ላይ የተደረደሩትን የኦርጋን ረጃጅም ቧንቧዎች ያያሉ። ከዚያ ጥያቄ ይመጣል፦ «እማዬ፣ ያንን እኔ መጫወት እችላለሁ?»

ትችላለች! በሙሉ ልብ «አዎ» በሏት።

«እግሯ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ እኛም ኖታ አናነብ» ብላችሁ አታመንቱ። እ.ኤ.አ. በ1875 አልሳስ ውስጥ የተወለደው አልበርት ሽዋይትዘር በ5 ዓመቱ አባቱ አሮጌ ፒያኖ ላይ አስጀመሩት። በ8 ዓመቱ እግሩ ፔዳሉን ገና በጭንቅ እየነካ ኦርጋን ላይ ተቀመጠ፤ በ9 ዓመቱ በጉንስባክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስቱን ተክቶ አገለገለ። ኋላ ሐኪም ሆኖ ወደ ጋቦን ሲሄድ እንኳ በሙዚቃ ደራሲው ባኽ ስም የሚጠራው የፓሪስ ማኅበር ፔዳል የተገጠመለት ፒያኖ ሰጥቶት፣ እዚያው ጋቦን፣ ላምባሬኔ ላይ ልምምዱን ቀጠለ። ኦርጋን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚዘልቅ ወዳጅ ነው።

ጅማሬው ቤት ካለው ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱን የኦርጋን ድምፅ ላይ አድርጉትና ልጅቷ አንድ ቁልፍ ተጭና ትቆይ። ፒያኖ ላይ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ እዚህ ግን ጣቷ እስኪነሳ አይቋረጥም፣ ጠንክራ ብትመታውም አይጎላም። ስለዚህ የኦርጋን ተማሪ ትልቁ ሥራ ጣትን በሰዓቱ ማንሳት ነው። ይህን ሥራ ኖታ የማያነብ ወላጅም በጆሮው ይከታተላል፦ በሁለት ተከታታይ ድምፆች መካከል ክፍተት አለ? አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል?

ቀጥሎ ሕንፃውን ያዋሳችሁን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ጠይቁ። አትፈሩ፤ ጀርመን ውስጥ ወደ 50,000 ኦርጋኖች አሉ፣ ተተኪ ወጣቶች ደግሞ ይፈለጋሉ። የመጀመሪያውን ቀን ለትምህርት ሳይሆን ለጉብኝት አድርጉት። የኦርጋኑ በር ተከፍቶ ውስጡን ትይ፤ 5 ሜትር ከሚጠጋው ቧንቧ ሥር ትቁም፣ እርሳስ የሚያህለውን ደግሞ ከተፈቀደላት በአፏ ትንፋው። ከዚያ አንድ ቁልፍ እንደ ተጫነች ኦርጋኒስቱ የድምፅ መምረጫ እጀታዎቹን በየተራ ይሳብላት። መጀመሪያ ዋሽንት የመሰለ ለስላሳ ድምፅ፣ ከዚያ ደመቅ ያለ፣ በመጨረሻ መለከት የሚመስል፤ ሕንፃው ሁሉ በአንዲት ትንሽ ጣት ይሞላል! ይህን የቀመሰች ልጅ ተለማመጂ ብሎ መጨቅጨቅ አያሻትም ብዬ አምናለሁ።

እግሯ እስኪደርስ በእጅ ብቻ የሚጫወቱ ሥራዎች ሞልተዋል። ሲደርስ ስስ የቆዳ ሶል ያለው፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ ግዙላት፤ ውጭ አታድርገው፣ አሸዋው ፔዳሉን ይጎዳል። ቤት ውስጥ ልምምዱ በየቀኑ አጭር ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን በሳምንት አንዴ ብትሄድ ይበቃል። ክረምት ላይ ሕንፃው ይቀዘቅዛልና ጓንቷን አትርሱ።

ለኦርጋኒስቱ በምትጽፉት ደብዳቤ ዕድሜዋን፣ ፒያኖ የጀመረችበትን ጊዜ፣ ከትምህርት በኋላ የሚመቻትን ቀን ግለጹ። መልሱ ከዘገየ እሁድ አገልግሎቱ ሲያበቃ ልጅቷን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሰላም በሉት፤ ጥያቄውን ራሷ ታቅርብ።