የመድፈኛው አያታችን ጌታ ማን ነበር?

በደባርቅና በዳባት፣ በወቅንና በጃናሞራ ስለ አንድ ጀግና አያት ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። ከምንሰማው ሁሉ ጎልቶ የሚነገረው «አያታችን መድፈኛ ነበር» የሚለው ነው። የማን መድፈኛ ነበር? ከማን ጋራስ ተዋጋ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ይህን ጥያቄ ይዘን ስንመረምር ያገኘነውን ለሌሎችም እንዲጠቅም በአምስት ክፍል እናቀርባለን። ነገሩ የወንድማማቾችን ጦርነት የሚነካ ስለ ሆነ በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል።

1. አስቀድሞ ዘመኑን መቍጠር

በአነጋገራችን የአባታችንን አባትም፣ ከርሱ በላይ ያሉትንም ሁሉ «አያት» እንላለን። ስለዚህ ዘመን ይደባለቃል። ከዛሬ እስከ ደረስጌ ጦርነት 170 ዓመት ገደማ ነው። አንዱን ትውልድ 28 ዓመት ብንለው ስድስት ትውልድ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከአራት ትውልድ ወዲህ ያለ ሰው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፈኛ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል።

መድፍ ደግሞ ከዚያ በኋላም በብዙ ጦርነት ተሰልፏል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መድፈኞቹን የመሩት በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ፤ ያ ግን ከውጭ ጠላት ጋራ የተደረገ ነው። የርስ በርስ ጦርነት ከተባለ በ1909 ዓ.ም. የተደረገው የሰገሌ ጦርነት አለ። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋራ ተዋግተው ወድቀዋል። የሦስት ትውልድ አያት ከሆነ ከነዚህ በአንዱ እንጂ በደረስጌ አይፈለግም።

2. ጦርነቱን ከነቦታው ማወቅ

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን አንድ አድርገው ይገዙ ነበር። ኃይላቸው ነፍጥ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ጋራ ሲዋጉ ድል ቀንቷቸው ነበር፤ ነገር ግን ድሉን እያከበሩ ሳሉ በድንገት ተማረኩ። የቋራው ካሣ በበኩላቸው የመድፍን ጕልበት የተማሩት በመሸነፍ ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ዳባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፆች ጋራ ሲዋጉ ሠራዊታቸው በመድፍ አለቀባቸው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። «ዳባርቂ ዘምቶ ነበር» የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ደባርቅ ተዋግቶ ነበር» ሊሆን ይችላል። አንዲት ፊደል ሰውየውን ከቆላው ጠረፍ አንሥታ ደጋ ታወጣዋለች፤ ጠላቱንም ትለውጥበታለች።

በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ካሣ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ወዲያውም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በውቤ ቤት የተከማቸው ነፍጥ በአሸናፊው እጅ ገባ። ሰዎቹም እንደ ነፍጡ ጌታ ለወጡ። በውቤ ቤት ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር እንኳ በኋላ ለቴዎድሮስ አገልግሏል። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅም የቴዎድሮስ ሚስት ሆነው ልዑል ዓለማየሁን ወልደዋል። ተዋጊዎቹ አማትና አማች ሆኑ፤ ልጁም የሁለቱም ደም ነበር።

3. «መድፈኛ» ማለት ምን እንደ ነበረ መረዳት

የቴዎድሮስ ታላላቅ መድፎች የተሠሩት ከደረስጌ ጦርነት በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ነው። የሠሩትም ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከአገሩ ሠራተኞች ጋራ ሆነው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል 70 ኵንታል ያህል ይመዝናል። ይህን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየሳቡ፣ ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እያበጁ ወሰዱት።

ስለዚህ «መድፈኛ» የተባለ ሰው ሁሉ ክብሪት የለኰሰ አይደለም። አንዱ ጠፍር የሳበ፣ አንዱ ድንጋይ የፈለጠ፣ አንዱ ባሩድ የተሸከመ ነው። ይህን ማወቅ አያትን ማሳነስ አይደለም። የስሜንን ዳገት የሚያውቅ ሰው 70 ኵንታል ብረት ሽቅብ መሳብ ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

4. ምስክሩን መፈለግና መመዘን

የመጀመሪያው ምስክር የቤተ ሰብ ቈጠራ ነው። በአገራችን ዘር የሚቈጠረው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለጋብቻና ለርስት። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቈጠረው ዝምድናን ለመሸሽ ነው። ለርስት የሚቈጠረው ግን መሬት ለማግኘት ነበርና ጠቃሚው አያት ይጐላል፣ የማይጠቅመው ይረሳል። መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ሙግቱ ቀርቷል፤ በሙግት የተቀረጸው ቈጠራ ግን እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ስለዚህ «ይህ ቈጠራ የተያዘው ለምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የክርስትና ስም ነው። በዓለም ስሙ አንድ የሆነ ሰው ብዙ ነው፤ የክርስትና ስም ግን ለመለየት ይረዳል። አያቱ መዝሙረ ዳዊት ከነበረው የክርስትና ስሙ በጸሎቱ መካከል ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፍ ግን ይሸጣል፣ ይወረሳልም። ስሙ የተጻፈበት ብራና ተፍቆ እንደ ገና የተጻፈ እንደ ሆነ በብርሃን ማየት ይገባል።

ሦስተኛው ጽሑፍ ነው። የቴዎድሮስን ታሪክ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ ጽፈውታል። በነዚህ የሚገኘው የመኳንንቱ ስም ነው፤ ጠፍር የሳበው ሰው አይጠራም። ቢሆንም ዘመቻው መቼና በየት እንዳለፈ ይነግሩናልና የቤተ ሰቡን ወሬ እናመዛዝንባቸዋለን። የጎንደር መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1859 ዓ.ም. በቴዎድሮስ ጦር ተወስደዋል፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ከተማውን አቃጥለዋል። ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ከተጓዙት መካከል ወደ 350 የሚጠጉት በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የጎንደር ምስክር እንግዲህ በከፊል ከአገር ውጭ ነው።

5. ከአጥቢያችን የተገኘ ምሳሌ

ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ አስበው ሽማግሌዎች እንደ ሥርዓቱ ዘር ሊቈጥሩ ተቀመጡ። በሁለቱም ወገን በስድስተኛው ቤት ላይ በአንድ ስም የሚጠራ መድፈኛ ተገኘ። የልጁ ወገን «የኛ የውቤ ሰው ነው» አለ፤ የልጅቱ ወገን «የኛ የቴዎድሮስ ነው» አለ። በዚህም ምክንያት ሲዘላለፉ የኖሩ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ «ጌታቸው ከተለያየ ሰዎቹም ልዩ ናቸው፤ ይጋቡ» አሉ።

ዘመኑን ስንቈጥር ግን ይህ ማስረጃ አልበቃም። አንድ ሰው በ1847 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ለውቤ ደረስጌ ላይ ተሰልፎ፣ ምሕረት አግኝቶ፣ በ1860 ዓ.ም. በ38 ዓመቱ የቴዎድሮስን መድፍ ሊስብ ይችላል። ሁለቱ ወሬዎች የአንድ ሰው ዕድሜ ሆነው ቢገኙስ? ያን ጊዜ ልጆቹ በሰባት ቤት ውስጥ ዘመዶች ናቸው፤ ጋብቻውም ይቀራል።

ስለዚህ የክርስትና ስም ፍለጋ ተጀመረ። በልጁ ቤት የአያቱ ዳዊት ተቀምጦ ነበርና ያልተፋቀ ስም ተገኘበት። በልጅቱ ወገን ዳዊት አልነበረም፤ የአያቱን ስም በቃል ይዘው በየዓመቱ ዝክሩን የሚያወጡ አንዲት እማሆይ ግን ነበሩ። የማን ወታደር እንደ ነበረ ብንጠይቃቸው፦ «ልጆቼ፤ ቄሱ የሚጠይቁኝ ስሙን ነው እንጂ ጌታውን አይደለም» አሉን። ስሞቹ የተለያዩ ሆኑ፤ ክርስትና የተነሡበትም ደብር ልዩ ሆነ። ልጆቹም በአባቶች ፈቃድ ተጋቡ። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው ስማቸውና ደብራቸው እንጂ የተሰለፉበት ወገን አለመሆኑን ሁሉም አየ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አጠገብ መጥቶ ነበርና የወገን ጦርነት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ብቻ የምንማረው አይደለም። ከስድስት ትውልድ በኋላ ልጆች የዛሬውንም ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው ሰው ፉከራውን ብቻ ይዞ ከቈየ የድሮው ቂም እንደ ገና ይጐረሳል። ስሙን፣ ዘመኑን፣ ቦታውንና ሥራውን መዝግቦ ከቈየ ግን አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ለሁለት ጌታ እንዳደረና በሁለቱም ዘንድ ሸክም እንደ ተሸከመ ያያሉ። ስለዚህ አረጋውያን ሳያልፉብን በያዝነው ደብተር የየቤታችንን ቈጠራ ከክርስትና ስሙ ጋራ እንጻፍ፤ ያልደረስንበትንም ቦታ ባዶ እንተወው እንጂ በምኞት አንሙላው።

ለመወያያ

ሀ. በቤታችሁ የሚነገረው ጦርነት በየትኛው ዓመት የተደረገ ነው? ትውልዱስ ይገጥማል?

ለ. የቤተ ሰባችሁ ቈጠራ የተያዘው ለጋብቻ ነው ወይስ ለርስት?

ሐ. አያታችሁ ከተሸናፊው ወገን ሆኖ ቢገኝ ለልጆቻችሁ ምን ብላችሁ ትነግራላችሁ?