ሲቪ ላይ ምን ይጻፍ? ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ አንዲት የደሴ ነዋሪ በቴሌግራም ያዩት የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሥራ ማስታወቂያ የፋይዳ ቁጥር፣ ሃይማኖትና የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። ሁሉንም ይላኩ?

መልስ፦ አይላኩ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ስም፣ ስልክ፣ የመኖሪያ ከተማ፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ ይበቃሉ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢው ለዓላማው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲወስድ ያዛል፤ ብሔርን፣ ሃይማኖትንና ጤናን ደግሞ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች ይመድባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኞችን በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ማበላለጥን ይከለክላል። ስለዚህ አሮጌው የቀበሌ መታወቂያ ብሔር የሚገልጽ ከሆነ ኮፒውን ከማመልከቻ ጋር ማያያዝ አያስፈልግም።

ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ሒሳቡ ተራቸው ከቅጥር በኋላ ነው። በስልክ የሚደርስ የማረጋገጫ ኮድና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ግን ለማንም አይሰጡም።

ሲቪያቸውን ፎቶ ኮፒ ቤት የሚያስጽፉ ሰዎች ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቆመው ይዩ።

ኮምቦልቻ ከደሴ ሩቅ አይደለችም፤ ጠያቂዋ ሰነድ ከመላካቸው በፊት የቀጣሪውን ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ወይም የከተማውን የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት በአካል ቢጠይቁ የማስታወቂያውን እውነተኛነት ያረጋግጣሉ።