የእናት ደረት

ዛሬ ስለ እቅፍ ነው የማስተምራችሁ።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሰውነቱ ላይ ብዙ ስብ ስለሌለው ሙቀቱን መያዝ አይችልም። እንደኛ አገር ብርድማ ሊገድለው ይችላል። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ከተማ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ መሣሪያ ስላነሰው እንዲህ ያሉ ሕፃናትን እናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ እንዲታቀፉ አደረገ። ሞቃቸው፣ ጡትም ቀረባቸው። ካንጋሮ ልጇን በኪሷ ስለምትይዝ ዘዴው «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ። በአገራችን ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ይታቀፉ ይላል።

አንቀልባ አይደለም እንዴ? አይደለም፤ አንቀልባ ጀርባ ላይ ነው፣ መሀል ላይም ልብስ አለ። እናት ሲደክማት አባትም ማቀፍ ይችላል (ወንዶች ልብ በሉ!)።

ሕፃን መርፌ ሲወጋ እንኳ እናቱ ደረት ላይ ከሆነ ለቅሶው ያንሳል። የኔም ታናሽ እህት ስታለቅስ እማዬ ጋቢዋ ውስጥ ትከታታለች፤ ወዲያው ዝም!