«የልጅ ነገር ነው» ማለት እስከ መቼ? በትምህርት ቤት ስለሚደርስ ማሸማቀቅና ስለ ወላጆች ኃላፊነት

መግቢያ

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይ ሁላችንም የምናውቀው፣ ነገር ግን ቁም ነገር ብለን የማንነጋገርበት ነው። እሱም በትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ በተማሪ ላይ የሚያደርሰው ማሸማቀቅ ነው። ስለ መምህራን ዱላ ብዙ ተብሏል። ተማሪ ተማሪን ሲያሰቃይ ግን አብዛኞቻችን «የልጅ ነገር ነው፣ ነገ ይረሱታል» ብለን እናልፈዋለን። አበው ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ።

ትኩረቴ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ነው። ዋና ሐሳቤም አንድ ነው፤ ለተጠቃ ልጅ የመጀመሪያው መከላከያ የትምህርት ቤቱ አጥር ወይም የዩኒት ሊደሩ አለንጋ ሳይሆን፣ የደረሰበትን ነገር ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ነው።

ማሸማቀቅ ምንድን ነው?

በአማርኛ ለዚህ ድርጊት አንድ የተቆረጠ ቃል የለንም። ማንጓጠጥ፣ ማስፈራራት፣ ማግለል፣ ቅጽል ስም አውጥቶ ማላገጥ፣ ገንዘብና ደብተር መንጠቅ ሁሉም በውስጡ አሉ። ተማሪው «ሙድ መያዝ» ይለዋል፤ አድራጊውንም «ጉልቤ» ይለዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ማሸማቀቅ» የሚለውን መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ በተጠቂው ላይ የሚታየውን ውጤት በደንብ ይገልጻል።

በዚህ ዘርፍ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው በኖርዌይ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳን ኦልቪየስ ነው። ጥናቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ታዳጊ ወንዶች በኖርዌይ ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ፣ የአገሪቱ መንግሥት በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ፤ የኦልቪየስም ሥራ የዚሁ አካል ሆነ። እንደ ኦልቪየስ አገላለጽ ማሸማቀቅ ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ሁለተኛ የሚደጋገም ነው። ሦስተኛ በአድራጊውና በተጠቂው መካከል የአቅም ልዩነት አለ። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በቁጥር መብዛት፣ ሀብት፣ ቋንቋ፣ በክፍል ውስጥ ያለ ተሰሚነትም አቅም ነው። ስለዚህ እኩያሞች አንድ ቀን ተጣልተው ቢደባደቡ ጠብ ነው እንጂ ማሸማቀቅ አይባልም።

ችግሩ የፈረንጅ አገር ብቻ እንዳይመስለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ የሚሆነው በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ በእኩዮቹ እንደተሸማቀቀ ገልጿል። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ያሉ ልጆችን ተከታትሏል። ከዚሁ ጥናት በመነሳት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንታኔ በ15 ዓመት ዕድሜ የደረሰ ማሸማቀቅ በ19 ዓመት ላይም ዱካው እንደሚታይ አመልክቷል፤ በራስ መተማመንን እንዲሁም ከወላጅና ከጓደኛ ጋር ያለን ግንኙነት ይጎዳል። እንግዲህ «ነገ ይረሱታል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ድሬዳዋ ከዚህ ጥናት ቦታዎች መካከል ስላልነበረች፣ የእኛን ከተማ ልጆች ጉዳይ ማየት የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ቀልዱና ጥቃቱ፣ በድሬዳዋ ዓይን

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና ሐረሪኛው በአንድ ሰፈር የሚሰማባት ከተማ ናት። የድሬ ሰው ግልጽ ነው፣ ቀልድ ያውቃል፣ «አንተ» ለማለትም አይሽኮረመምም። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደቆሬ ፎገራ የማይችል ልጅ ጓደኛ አያገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ የምንኮራበት ባሕርያችን ነው። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ጉልቤውም ጥቃቱን «ቀልድ እኮ ነው፣ አቦ ተወው!» በሚል ሽፋን ያሳልፈዋል። ወላጅና መምህርም አብረው ይስቃሉ።

እኔ ለመለየት የሚረዱ ሁለት ጥያቄዎችን ሐሳብ አቀርባለሁ። የተቀለደበት ልጅ መልሶ መቀለድ ይችላል ወይ? «በቃ» ሲል ይቆማል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀልድ ነው። «አይ» ከሆነ ግን ቢሳቅበትም ጥቃት ነው።

ለልምምድ በወጣሁበት አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ላካፍላችሁ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ከከተማው ውጪ መጥቶ አክስቱ ጋር ይኖራል። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ወንዱን መምህር «አንቺ» ብሎ ጠራ። ክፍሉ ሳቀ። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ልጆች በየቀኑ «አንቺ» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ ቀጥሎ በሩ ላይ ጠብቀው የዳቦ መግዣውን ተቀበሉት። ልጁ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት አቆመ፤ አስቀድሞ ማርፈድ፣ በኋላም መቅረት አመጣ። አክስቱ ተጠርታ መጣች። ሰነፈ ብላ ስለገመተች ቤት ወስዳ ገረፈችው። በትምህርት ቤት የተመታ ልጅ ቤቱም ተመታ ማለት ነው።

ልጆች ለምን አይናገሩም?

በዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ስማቸውን ሳይጽፉ «ጥቃት ቢደርስባችሁ ለማን ትነግራላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ደጋግሞ የተጻፈው መልስ «ለማንም» የሚል ነው። ምክንያታቸውን ሳነብ ሦስት ነገር አገኘሁ።

የመጀመሪያው የወላጅ ዱላ ነው። «ተመትተህ ከመጣህ እኔም እደግምሃለሁ» የሚለውን ያልሰማ ልጅ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ወላጁ ልጁን ጎበዝ ያደረገ ይመስለዋል። ልጁ የሚማረው ግን «ሽንፈቴን ለቤት አልናገርም» የሚለውን ነው። ሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ «አንቺ ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ጥያቄ ይጨመራል።

ሁለተኛው የወላጅ ጊዜ ማጣት ነው። እናት ቀፊራ ወይም ታይዋን ስትነግድ ውላ ደክሟት ትገባለች። አባት ቤት ቢኖርም ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ገብቶ ማናገር ነውር ነው የሚል ልጅ ብዙ ነው። በአካል ያለ ወላጅ ሁሉ ለልጁ አለ ማለት አይቻልም። በዚህ መሀል ጥቃቱ በስልክ ቤት ድረስ ይከተላል፤ በቴሌግራም ግሩፕ የተለጠፈ ፎቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሳቅበት ያድራል።

ሦስተኛው «ወላጅ አምጣ» የሚለው አሠራራችን ነው። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ለክስ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ የሰፈር ጎረምሳ ወይም የባጃጅ ሾፌር ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። ብዙዎቻችን ይህን እያሳቅን እናወራዋለን። በእውነቱ ግን ልጁ ከእናት አባቱ ይልቅ ባዕድ እንደሚቀለው የሚያሳይ አሳዛኝ ነገር ነው።

አንድ አባትን ስለዚህ ሳነጋግራቸው «አቦ፣ እኛም እኮ ተደብድበን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» አሉኝ። ቅን ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ከእሳቸው ጋር ተምረው በዚህ ምክንያት ያቋረጡት ዛሬ ይህን ጥያቄ ለመመለስ አጠገባችን የሉም። የምናየው ያለፉትን ብቻ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

የወላጅ ኃላፊነት የሞራል ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አባትና እናት በጋብቻ ውስጥ በእኩልነት የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት እንደሆኑ ይገልጻል። ስለዚህ «የልጅ ጉዳይ የእናት ነው» የሚል አባት በሕግ ፊት ምክንያት የለውም።

የጉልቤው ወላጅም ልብ ማለት ያለበት ነገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2124 ጀምሮ እንደተመለከተው፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት፣ እንደ ሁኔታው እናት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይጠየቃሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በልዩ እርምጃዎች የሚታዩ ሲሆን፣ 15 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ቅጣቱ ሊቀልል ቢችልም በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። የ16 ዓመት ልጅ ጥርስ ሲሰብር «የልጅ ነገር» አይደለም።

ምን ይደረግ?

የተጠቂው ወላጅ መጀመሪያ ማዳመጥ አለበት። «ለምን ቀረህ?» የሚለው ጥያቄ ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ ውሸት ይወልዳል። ከላይ የጠቀስኳት አክስት ከምክር በኋላ ጥያቄዋን ቀየረች። «ከማን ጋር ትቀመጣለህ? በየት በኩል ትመጣለህ?» አለችው። ልጁ ዋናውን መንገድ ትቶ በደረቁ የደቻቱ አሸዋ ዞሮ እንደሚመጣ ነገራት። ለምን ስትለው ሁሉንም አወጣው። ነገሩ ጨርሶ ተፈታ አልልም፤ ሆኖም ልጁ ወደ ክፍል ተመልሷል፣ ከሦስቱ የአንደኛው እናትም ቀርባ ተነጋግራለች። ወላጅ ከሰማ በኋላ ድርጊቱን ከነቀኑ ጽፎ ለስም ጠሪ መምህሩ፣ ካልሆነም ለዲሬክተሩና ለወላጅ መምህራን ኅብረቱ ማቅረብ ይገባዋል። በር ላይ ቆሞ የሰው ልጅ መምታት ግን ጠቡን ከማባባስ በስተቀር ፋይዳ የለውም።

የአጥቂው ወላጅ ደግሞ «የእኔ ልጅ አያደርገውም» ከማለቱ በፊት ቤቱን ይመልከት። ኦልቪየስ ጠበኛ ልጆችን ሲያጠና ያገኘው ሦስት ነገር ነው፤ የፍቅር ማነስ፣ ልጁ ሲያጠቃ በዝምታ ማለፍና የዱላ ቅጣት። ልጅን ስለ መማታቱ መግረፍ፣ ጉልበት ያለው ይማታል የሚለውን ትምህርት ማጽናት ነው። ይልቅ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ የነጠቀውን እንዲመልስ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ክትትል እንዲደረግበት ማድረግ ይሻላል።

የቀሩትም ወላጆች አያገባንም አይበሉ። ፊንላንዳዊቷ ተመራማሪ ክሪስቲና ሳልሚቫሊ እንዳሳየችው፣ በማሸማቀቅ ውስጥ የሚስቅ፣ የሚያበረታታ፣ ዝም የሚልና የሚከላከል ተማሪ አለ። ጉልቤውን የሚያቆየው ሳቁ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ማን ተመታ?» ብቻ ሳይሆን «አንተስ ያን ጊዜ ምን አደረግህ?» ብለን መጠየቅ እንልመድ።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ማሸማቀቅ ከቀልድ የሚለየው «በቃ» ሲባል ባለመቆሙ ነው፤ የሚያድገውም በልጁ ዝምታ ነው። ዝምታውን የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ጉልቤው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀው ቁጣ ነው። ይህንን መለወጥ በጀት አይጠይቅም። ለዲፓርትመንታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለልምምድ ስንወጣ ወላጅን ለክስ ሳይሆን ለምክክር የምንጠራበት አንድ ቀን በፕሮግራማችን ቢያዝ መልካም ነው። ነገ መምህራን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ወላጆች የምንሆነው እኛው ነንና፣ ከአሁኑ እናስብበት እላለሁ።